ሞተር ሲመታ የሚሰማው ሴንሰር

ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ ወደ ደጀን የሚጓዝ መኪና የዓባይን በረሃ ወርዶ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ይጠብቀዋል። ታች ያለው ሙቀት እንደ ደጋው አይደለም። መኪናው ተሳፋሪና ሻንጣ ጭኗል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ሾፌሩ ማርሽ ሳይቀንስ ነዳጅ ሲረግጥ ከኮፈኑ ሥር ቆርቆሮ ላይ ጠጠር የተበተነ የሚመስል ደረቅ ድምፅ ይነሳል። ነዳጁን ለቀቅ ሲያደርገው ይጠፋል፤ መልሶ ሲረግጠው ይመለሳል። መካኒኮች «ሞተሩ እየመታ ነው» የሚሉት ይህን ነው። በዘመናዊ የቤንዚን መኪና ላይ ግን ድምፁ ብዙውን ጊዜ ሾፌሩ ሳይሰማው ይቆማል። የሚቆመውም ከሞተሩ ብሎክ ጋር በብሎን የታሰረ፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ዕቃ በሚልከው መረጃ ነው። ኖክ ሴንሰር ይባላል።

ጤናማ በሆነ ሞተር ውስጥ እሳት የሚነሳው ከካንዴላው ብቻ ነው። ፒስተኑ የአየርና የቤንዚኑን ድብልቅ እያመቀ ወጥቶ ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ካንዴላው ብልጭ ይላል። እሳቱም ከዚያ ተነስቶ ድብልቁን እያቃጠለ ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ይስፋፋል። ፈጣን ቢሆንም ጊዜ ይወስዳል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ክራንክሻፍቱ በአንድ ሚሊ ሰከንድ ውስጥ 18 ዲግሪ ይሄዳል። ብልጭታው ቀደም ብሎ የሚሰጠውም ከፍተኛው ግፊት ፒስተኑ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር እንዲደርስለት ነው። ችግሩ ያለው ዳር ላይ፣ እሳቱ ገና ያልደረሰበት ድብልቅ ዘንድ ነው። እየሰፋ የሚመጣው የተቃጠለ ጋዝ ይህን ቀሪ ድብልቅ ያምቀዋል፣ ያግለዋል። ሙቀቱና ግፊቱ ልክ ካለፈ እሳቱን ሳይጠብቅ በራሱ ባንዴ ይፈነዳል። ከዚያ የሚነሳው የግፊት ማዕበል ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ብረቱን ያንቀጠቅጠዋል። የሲሊንደሩ ስፋት 80 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ንዝረቱ በሰከንድ ሰባት ሺህ ጊዜ ገደማ ይሆናል።

አልፎ አልፎ የሚሰማ ቀላል ምት ሞተር አይገድልም። ሲደጋገምና ሲበረታ ግን ማዕበሉ የፒስተኑን ራስ ከሙቀት የሚከልለውን ስስ የጋዝ ሽፋን ይገፈዋል፤ አሉሚኒየሙም መቦርቦር ይጀምራል። ፋሻው የሚቀመጥበት የፒስተን ጠርዝ ይሰበራል፣ የካንዴላው ሴራሚክ ይሰነጠቃል፣ የቴስታ ጓርኒሲዮን ይበላል። ያን ጊዜ ሥራው ሴንሰር መቀየር መሆኑ ይቀርና ሞተር አውርዶ መፍታት ይሆናል።

መሐንዲሶች ከዚህ ምት ጋር የታገሉት መኪና ኮምፒውተር ከማግኘቱ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሞተር ድብልቁን ይበልጥ ባመቀ ቁጥር ከዚያው ነዳጅ የበለጠ ጉልበት ያወጣል፤ ይበልጥ ባመቀ ቁጥር ግን ለመምታት ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካዋ ዴይተን ከተማ፣ በጄኔራል ሞተርስ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ ቤንዚን ላይ ቴትራኤቲል ሊድ የተባለ የእርሳስ ውህድ ጥቂት ሲጨመር ምቱ እንደሚጠፋ አረጋገጠ። መፍትሔው ርካሽ ነበር፤ እርሳስ ግን መርዝ ነው፣ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳውም የሕፃናትን አእምሮ ነው። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ የገባበትን ቤንዚን እ.ኤ.አ. እስከ 2006 መግቢያ ሲያቆሙ አልጄሪያ በ2021 ከዓለም የመጨረሻዋ ሆነች። እርሳሱ ከነዳጁ መውጣት ሲጀምርና አየር እያመቀ ወደ ሲሊንደሩ የሚያስገባው ተርቦ ሲስፋፋ ምቱን ገና ሲጀምር አዳምጦ መቆጣጠር የግድ ሆነ። ቢዊክ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ባለ ተርቦ ቪ6 ሞተር ላይ ምት የሚሰማ ሴንሰር ገጠመ። ሳብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኤፒሲ በተባለው ሥርዓቱ ምት ሲሰማ የተርቦውን ግፊት የሚቀንስ መኪና አቀረበ።

የሴንሰሩ ውስጥ የተወሳሰበ አይደለም፤ የፒየዞ ሴራሚክ ቀለበት፣ በላዩ ላይ የተጫነ የብረት ክብደት፣ ዙሪያውን የፕላስቲክ ልባስ። ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉት ፈረንሳያውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 እንዳሳዩት አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ብሎኩ ሲንቀጠቀጥ ክብደቱ ሴራሚኩን ጫን ለቀቅ ያደርገዋል፤ ሴራሚኩም ንዝረቱን ተከትሎ የሚዋዥቅ ቮልቴጅ ይሰጣል። የቀድሞዎቹ ሴንሰሮች በምቱ ንዝረት ልክ የተቃኙ ነበሩ፤ አሁን የተለመዱት፣ መሐላቸው ቀዳዳ ያላቸው ጠፍጣፋዎቹ፣ የሰሙትን ሁሉ ይልካሉ፤ ማጣራቱ የኮምፒውተሩ ሥራ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ላይ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል አንድ ይበቃል። ቪ6 ላይ ብዙውን ጊዜ በየጎኑ አንድ አንድ ይገጠማል።

ኮምፒውተሩ ጩኸት በሞላበት ቦታ ነው የሚያዳምጠው። ቫልቭ ሲዘጋ ይመታል፣ ኢንጀክተር ሲከፈት ቀጭ ይላል፣ ሰንሰለት ይንጫጫል። ስለዚህ ሁልጊዜ አያዳምጥም። ክራንክሻፍቱ የት እንደደረሰ ከሌላ ሴንሰር ስለሚያውቅ ምት ሊከሰት የሚችለው ፒስተኑ ጫፉን አልፎ መውረድ ሲጀምር ባለችው አጭር ጊዜ መሆኑን ያውቃል፤ ጆሮውን የሚሰጠውም ያኔ ነው። የሰማውን ከሞተሩ የዘወትር ድምፅ ጋር ያነጻጽራል። ከልክ በላይ ሆኖ ካገኘው ብልጭታውን በጥቂት ዲግሪ ያዘገየዋል፤ ምቱ ሲቆም ቀስ በቀስ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። የትኛው ሲሊንደር እንደነበር ስለሚለይም ብዙ መኪኖች የሚያዘገዩት የዚያን ሲሊንደር ብልጭታ ብቻ ነው።

የአዲስ አበባ ሾፌር እዚህ ላይ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ በዚያው ልክ ግን ለምት ያለው ዝንባሌም ይቀንሳል። ያው መኪና፣ በዚያው ቤንዚን፣ ወደ መተሐራና አዋሽ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ይሞቃል፣ ምቱም ብቅ ይላል። የቤንዚኑ ኦክቴን፣ ማለትም ምትን የመቋቋም ልኩ፣ ዝቅ ካለ ደግሞ ይብሳል። የነጭ ጋዝ ኦክቴን ከቤንዚን እጅግ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ መንገድ ዳር በሃይላንድ ከሚሸጥ ቤንዚን ጋር ተደባልቆ ከሆነ ሞተሩ ቢመታ አያስደንቅም። ሞተር ሲግል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ካርቦን ሲጋገር፣ ያልተመደበለት ካንዴላ ሲገባ፣ ዘይት ወደ ማቃጠያው ሲያመልጥም እንዲሁ። በእነዚህ ሁሉ ሴንሰሩ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው፤ እሱን መቀየር አንዱንም አያድንም።

ሴንሰሩ ራሱ ሲበላሽስ? ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሽቦ መስመሩ ሲቋረጥ ወይም ሲነካካ ኮምፒውተሩ የቼክ ኢንጂን መብራት ያበራል፣ ፒ0325ን የመሰለ ኮድ ይመዘግባል፤ ለሁለተኛው ሴንሰር ፒ0330 ነው። ከዚያም መስማት ስላልቻለ ለጥንቃቄ ብልጭታውን አዘግይቶ ይይዘዋል፤ ቶዮታ ለምሳሌ እስከ መጨረሻው ወሰን ያዘገየዋል። ሞተሩ አይመታም፤ ግን ይከብዳል፣ ዳገት ላይ ይለግማል፣ ነዳጅ ይበላል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ከከፍታው ድካም ጋር ስለሚመሳሰል ባለቤቱ መብራቱን ችላ ብሎ ለወራት ሊነዳ ይችላል። የባሰው መብራት ሳይበራ የሚሆነው ነው፤ ብሎኑ ሲላላ ወይም ሴንሰሩ የተቀመጠበት ብረት ሲዝግ መስመሩ ደህና ስለሆነ ላይታወቅ ይችላል፣ ሴንሰሩ ግን በደንብ አይሰማም። ሞተሩ እየመታ ኮምፒውተሩ ዝም ካለ ይህ መጠርጠር አለበት።

የቦታው ነገርም አለ። የቶዮታ ካምሪና የሌክሰስ አርኤክስ 300 ላይ የነበረው 1ኤምዜድ ቪ6 ሞተር ሁለቱን ሴንሰሮች በቪው መሐል፣ ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ሥር ደብቋቸዋል። ማኒፎልዱ ሲነሳ አቧራና ቅጠል ይታያል፤ ለዓመታት በሙቀት የቆየው ሽቦ ላስቲኩ ደርቆ በጣት ሲታጠፍ ይሰባበራል። ኮድ ያመጣው ከሴንሰሩ ይልቅ ያ ሽቦ ሊሆን ይችላል። የቀድሞው የሼቭሮሌ ሲልቨራዶ 5.3 ሊትር ቪ8 ደግሞ ሴንሰሮቹ ያሉበት ጉድጓድ ውኃ ያቁራል። ሞተሩ በታጠበ ቁጥር ውኃ እየሰረገ ሴንሰሩን ያዝገዋል። እንዲህ ባሉ ሞተሮች ላይ ድካሙ ዕቃውን ከመግዛት ይልቅ እሱ ዘንድ መድረሱ ነው። ስለዚህ ከተከፈተ አይቀር ሁለቱንም ሴንሰር፣ ሽቦውንና የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን አብሮ መለወጥ ተገቢ ነው።

ለኖክ ሴንሰር በኪሎ ሜትር የተቆረጠ የመቀየሪያ ጊዜ የለም። የሚቀየረው ተለክቶ ነው። መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀልና ዝገት፣ ዘይት፣ የተበላ ሽቦ አለ ወይ ተብሎ ይታያል። ቀጥሎ በዲጂታል ሞልቲሜትር ሬዚስታንሱ ይለካል፤ ብዙዎቹ የቶዮታ ጠፍጣፋ ሴንሰሮች በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ120 እስከ 280 ኪሎ ኦም፣ የኒሳን ቪኪው35 ደግሞ ከ532 እስከ 588 ኪሎ ኦም ማሳየት አለባቸው። በቀድሞዎቹ ባለ አንድ ሽቦ የቶዮታ ሴንሰሮች ላይ ግን በጫፉና በአካሉ መካከል ምንም መገናኘት መኖር የለበትም፤ ካለ ይጣላል። ከልኩ ከወጣ፣ ልባሱ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ሽቦው ደህና ሆኖ ኮዱ ከተመለሰ መቀየር ነው።

ከዚህ ሁሉ ድካም ለማምለጥ የሚሞከሩ ዘዴዎች አሉ። አንዱ በሴንሰሩ ምትክ ተመሳሳይ ልክ ያለው ሬዚስተር ሽቦው ላይ መበየድ ነው። በአንዳንድ መኪና መብራቱ ይጠፋል፤ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ መስመሩ ደህና የሆነ ይመስለዋል። ከዚያ ወዲያ ግን ብልጭታውን ሙሉ ለሙሉ ወደፊት አድርጎ፣ ሞተሩ ሲመታ ምንም ሳይሰማ ይነዳል። መብራቱ በርቶ ሞተሩ ቢለግም ይሻል ነበር። ሌላው ከማኒፎልዱ ሥር ማውጣቱን ለመሸሽ ሴንሰሩን በቀላሉ የሚደረስበት ሌላ ብሎን ላይ ማሰር ነው፤ ፋብሪካው ቦታውን የመረጠው ከየሲሊንደሩ ንዝረት እኩል እንዲደርሰው ስለሆነ ይህም አይበጅም። ከሶማሌ ተራ የሚገዛ ያገለገለ ሴንሰርም ያው ሙቀት ያገኘው ዕቃ ነው፤ ድካሙ ትልቅ በሆነበት ቪ6 ላይ አዲስና ኦሪጅናል መግዛት ይመረጣል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ በእጅ ያለው የቤንዚን ሞተር በቀላሉ የሚተካ አይደለምና እንዲህ ያለው ቁጠባ አያዋጣም።

ሲገጠም ደግሞ ሁለት ነገር ይጠበቃል። ብረቱ እስኪያበራ ይጸዳል፤ ቀለም፣ ግሪስ፣ ሮንዴላ መሐል አይገባም። ብሎኑም የሚጠብቀው በእጅ ግምት ሳይሆን በቶርክ ሬንች ነው፤ ለተለመደው ጠፍጣፋ የቦሽ ሴንሰር ልኩ 20 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ከላላ አይሰማም፤ ከጠበቀ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል ወይም ተራውን ድምፅ ምት አድርጎ ይልካል። ከዚያ ኮዱ ይሰረዝና ስካነሩ እንደተሰካ መኪናው ዳገት ላይ ይሞከራል። ብልጭታው በጭነት ጊዜ ጥቂት ዘግይቶ ወዲያው ከተመለሰ ሥራው አልቋል። ኮዱ እንደገና ከመጣ ግን ሌላ ሴንሰር ከመግዛት በፊት ሽቦው ከኮምፒውተሩ ሶኬት እስከ ብሎኩ ድረስ ይለካ።