እንፋሎቱ ሳያልቅ አትክፈቱት

የዋፍል ድብልቅ ዱቄት ካርቶን ጀርባ ላይ ያለው መመሪያ አጭር ነው። ሁለት ኩባያ ድብልቅ፣ አንድ ኩባያ ከሲሶ ወተት፣ አንድ እንቁላል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፤ ቀላቅሎ በጋለ ማሽን መጋገር። ከባዱን ሥራ ፋብሪካው ጨርሶታል። ለጋጋሪው የቀረው ሁለት ነገር ነው፤ ብዙ አለማማሰልና መታገሥ። ዋፍል የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ላይ ነው።

ድብልቁ ውስጥ ከስንዴ ዱቄቱና ከጨው ጋር ሶዲየም ባይካርቦኔትና ደረቅ አሲድ (ቤኪንግ ፓውደር) አለ። ሁለቱ ደረቅ እስከሆኑ ድረስ አይነካኩም። ወተት ሲፈስባቸው ይዋሃዱና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ። የእንጀራን ዓይን የሚያወጣውም ይኸው ጋዝ ነው፤ እርሾ በቀናት የሚሠራውን ግን ቤኪንግ ፓውደር በደቂቃ ያደርሰዋል። ብልሃቱ አሲዱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። አንደኛው፣ ለምሳሌ ሞኖካልሲየም ፎስፌት፣ እንደራሰ ሥራ ይጀምራል፤ ሌላው ሙቀት እስኪያገኘው ይጠብቃል። ስለዚህ ሊጡ ገና ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሳለ አረፋ ቢያወጣ አትደንግጡ፤ ለማሽኑ የተቀመጠ ድርሻ አለ። ሊጡን ማሳደር ግን አይመከርም።

ወደ ማማሰሉ እንምጣ። የስንዴ ፕሮቲኖች ውሃ አግኝተው ሲታሹ ግሉተን የሚባል የሚለጠጥ መረብ ይሠራሉ። ለዳቦ ደግ ነው፤ ዋፍልን ግን የሚጎተት፣ ለጥርስ የሚያስቸግር ያደርገዋል። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው የእንጀራ ሊጥ የቱንም ያህል ቢያሹት አይከፋውም፤ ያንን የለመደ እጅ እዚህ ላይ መታቀብ አለበት። ደረቅ ዱቄት እንደጠፋ ማማሰያውን አስቀምጡ። ሊጡ ትንሽ የተጓጎለ ቢመስልም ማሽኑ ውስጥ ይፈታል።

ሊጡ የጋለው ብረት ላይ ሲያርፍ ይንጫጫል፤ ክዳኑ ሲዘጋ ከየጎኑ ነጭ እንፋሎት ይትጎለጎላል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ያድጋል፤ ከጋዙ ጋር ተጋግዞ ሊጡን የሚነፋውም እሱ ነው። ግን ያው ውሃ ልጓምም ነው። ብረቱ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ቢግል እንኳ፣ ውሃ ያልለቀቀው የሊጡ ክፍል ከውሃ መፍያ ብዙም አያልፍም። ቡናማው ቀለምና ያ መዓዛ የሚመጡት ላዩ ደርቆ ከ140 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ፣ ፕሮቲንና ስኳር ሲዋሃዱ ነው። ይህ ሂደት ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚይ ማያር በ1912 እ.ኤ.አ. ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። እንፋሎቱ እየወጣ ሳለ ክዳኑን የሚያነሣ ሰው ዋፍሉን ለሁለት ይገነጥለዋል፤ ግማሹ ላይ፣ ግማሹ ታች ተጣብቆ ይቀራል። ማሽኑ ደርሷል ብሎ መብራት ቢያበራም እኔ የማምነው እንፋሎቱን ነው። ሲሳሳ ይከፈታል። ከወጣም በኋላ ዋፍሎችን አትደራርቡ፤ ከውስጥ የሚወጣው ትነት የደረቀውን ላዩን ያለሰልሰዋል። በሽቦ መደርደሪያ ላይ ይረፉ።

አዲስ አበባ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። መመሪያው በአብዛኛው የተጻፈው ዝቅተኛ ቦታ ታስቦ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የአየር ግፊቱ የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውሃም በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አረፋው ያለልክ ያብጣል፣ ሊጡ ሳይጠና ይፈነዳል፣ ዋፍሉ ይሟሽሻል። ድብልቁ ውስጥ የገባውን ቤኪንግ ፓውደር መልሶ ማውጣት አይቻልም። አንድ ሁለት ማንኪያ ተራ የፉርኖ ዱቄትና ጥቂት ወተት ጨምሮ ማመጣጠን ግን ይቻላል። እንደ ዴንቨር ያሉ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞችን አስበው የተለየ መመሪያ ካርቶኑ ላይ የሚያትሙ አምራቾች አሉ፤ ዘመድ ከአሜሪካ ሲልክላችሁ ያንን መስመር ፈልጉት።

የተረፈው ድብልቅ አያያዝም የራሱ ታሪክ አለው። በ1930 እ.ኤ.አ. ካርል ስሚዝ የተባለ የአሜሪካው ምግብ አምራች የጄኔራል ሚልስ ሽያጭ ኃላፊ ባቡር ላይ አምሽቶ ራት ሲያዝ ትኩስ ትንንሽ ዳቦ ወዲያው ቀረበለት። ወጥ ቤቱ ዱቄት፣ የአሳማ ስብ፣ ጨውና ቤኪንግ ፓውደር አስቀድሞ ቀላቅሎ በበረዶ ያስቀምጥ ነበር። የተዘጋጀ የፓንኬክ ዱቄት ከዚያ በፊትም ይሸጥ ነበር፤ አዲሱ ነገር ስቡ አብሮ መግባቱ ነው። ችግሩም እሱው ሆነ፤ በረዶ በሌለበት የሱቅ መደርደሪያ ላይ ስብ ይከረፋል። የኩባንያው ኬሚስት ቻርሊ ክሬስ መፍትሔ አግኝቶለት ቢስክዊክ የተባለው ድብልቅ በ1931 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋለ።

የተከፈተ ካርቶን ግን ዛሬም ከአየርና ከእርጥበት አያመልጥም። በደንብ በሚከደን ዕቃ ገልብጡት። ከቆየባችሁ አንድ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ እዩት፤ አረፋ ካላወጣ ቤኪንግ ፓውደሩ ሞቷል ማለት ነው። ሽታው ካልከረፋ አዲስ ቤኪንግ ፓውደር ጨምሮ ማዳን ይቻላል፤ ከከረፋ ግን ጣሉት።