ከጥጥ ፋብሪካ እስከ አፍሪካ ዋንጫ

ድሬዳዋ ምድር ባቡር የቈረቈራት፣ ንግድና የእጅ ሙያ ያሳደጓት ከተማ እንደ መሆኗ፣ ስመ ጥር የኳስ ቡድኗም ከሥራ ቦታ መወለዱ ባሕርይዋን የሚገልጥ ነው። የኳስ ወዳጆች «ኮተን» የሚሉት የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1950ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያን ሻምፒዮንነት አራት ጊዜ፣ ኋላም በ1975 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ወስዷል፤ የአፍሪካ ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በተደረገ ጊዜም፣ በ1957 ዓ.ም. አክራ ድረስ ዘልቆ ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ለመሆን በቅቷል። እዚያ በማሊው ስታድ ማሊያን 3 ለ 1 ተሸነፈ።

ከዚህ ቡድን ተጫዋቾች ሁሉ ስሙ ርቆ የተሰማው ሉቻኖ ቫሳሎ፣ በ1927 ዓ.ም. በአስመራ ከኤርትራዊት እናትና ከኢጣሊያዊ ወታደር ተወልዶ፣ የአባት እጅ ሳይደግፈው ያደገና በሙያው መካኒክ የነበረ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ኳስ ብቻውን እንጀራ አይሆንም ነበርና፣ ተጫዋች መባልና ሠራተኛ መሆን የማይለያዩ ነገሮች ነበሩ። ይህን የድህነት ምልክት አድርገው የሚያዩት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ከትምህርት ቤት አስበልጬ አየዋለሁ፤ የተበላሸ ሞተር በቁጣ እንደማይጠገን፣ ጉድለቱ ከሥሩ በትዕግሥት ተፈልጎ መገኘት እንዳለበት የለመደ ሰው፣ በሜዳ ላይ ነገር ሲከፋበት አእምሮው ቶሎ አይታወክምና። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው መልእክት ስለ ሯጮች ሲያነሣ፣ ከሚጠፋው አክሊል አስቀድሞ ያመለከተው ሰውነትን ስለ መግዛት ነው።

ይህ ሰውነትን የመግዛት ነገር በግልጥ የታየበት ዕለት ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። የዕለቱን ትርጓሜ ለመረዳት ግን ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲደረግ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ድል ነሥታ ነበር፤ በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይም ያው ባላጋራ ያንኑ ውጤት ደገመው። ስምንት ግብ ተቈጥሮበት አንዲት ስንኳ ያልመለሰ ቡድን፣ በሦስተኛው ውድድር ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸንፎ፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን አዲስ አበባ ላይ በብዙ ሕዝብ ፊት ያንኑ ባላጋራ እንደገና ሊገጥም ቆመ። ግብፅ ቀድማ አገባች፤ ኢትዮጵያ ከዕረፍት በኋላ ብዙ ደክማ አቻ ሆነች፤ ነገር ግን የሕዝቡ እልልታ ገና ሳይበርድ ግብፅ ሁለተኛዋን ጨመረች።

እኔ ከጨዋታው ሁሉ ይልቅ የማሰላስለው ይህችን ሰዓት ነው። መጀመሪያ መመራት የተለመደ ነገር ነው፤ በስንት ድካም የተመለሰ ነገር ወዲያው ከእጅ ሲወጣ ግን ልብ ይሰበራል፤ በቢሮም፣ በሱቅም፣ በእርሻም ሥራውን ጥሎ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ከመጀመሪያው ውድቀት በኋላ ሳይሆን ከዚህ ከሁለተኛው በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ቡድን አምበል ሉቻኖ ግን ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ግብ አግብቶ ሁለት ለሁለት አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛዋን፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ጨመሩና ዋንጫው በኢትዮጵያ ቀረ። ድሉን የዕድል ነገር የሚያደርጉት አሉ፤ ዕድል ግን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ የተነሣን ቡድን ሁኔታ ሊያስረዳ አይችልም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ደግሞ ሌላ ፈተና ነበረው፤ ጕልበት ሲያልፍ ሰው በምን ይኖራል የሚል። የዚያ ቡድን አሠልጣኝ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ አስቀድሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ፤ ከ1964 ዓ.ም. አንሥቶ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው የደቡብ አፍሪካን የዘር መድልዎ ሲቃወሙ ኖረዋል፤ ጕልበት ሲደክም ዕውቀት ቦታውን እንዲረከብ አስቀድመው ማሰናዳታቸው ነው ለዚህ ያበቃቸው። በሮምና በቶኪዮ ማራቶንን በተከታታይ ያሸነፈው ሻምበል አበበ ቢቂላም፣ በ1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ እግሮቹን ቢያሽመደምደውም፣ ቀስት አንሥቶ በአካል ጉዳተኞች ውድድር ተሰልፏል። ሉቻኖ በበኩሉ በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ፣ በሮም አጠገብ ለልጆች ኳስ ሲያስተምር ኖሮ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ዐረፈ።

ዛሬ ድሬዳዋ ከተማ የተባለው ክለብ በፕሪሚየር ሊጉ ሲጫወት፣ ተጫዋቹ እንጀራው ኳስ ብቻ ነው። ወደ ፋብሪካው ዘመን እንመለስ ማለቴ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ የሚለማመድ ሰው ከሥራ ደክሞት ከሚመጣው እንደሚልቅ የታወቀ ነው። ቢሆንም የጕልበት ዘመን በሠላሳዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ስለሚያበቃ፣ ከድሬዳዋ ሰፈሮች ከሳቢያን ወይም ከለገሃሬ የሚነሣ ብላቴና ለክለብ በሚፈርምበት ዕለት፣ ወላጆቹ ስለ ደመወዙ ከመጠየቃቸው አስቀድሞ ከልምምድ በተረፈው ሰዓት ምን ሙያ እንደሚማር ቢጠይቁ፣ ክለቡም መልሱን በውሉ ላይ ቢያሰፍር እወዳለሁ።