«ሴት መሆን ስድብ ነው እንዴ?»

ዛሬ የማወጋችሁ የሰው ገመና አይደለም፤ የራሴን ነው።

ባለፈው ዓመት ፋሲካ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው መርካቶ ወርጄ ለልጆቼ ልብስ ገዛሁ። ለ8 ዓመቷ ሴት ልጄ ዳንቴል የዞረበት፣ ወገቡ ላይ ሮዝ ሪባን ያለው ነጭ ቀሚስ። ለ4 ዓመቱ ወንድሟ ጂንስ ሱሪና የመኪና ሥዕል ያለበት ቲሸርት። ልጄ ቀሚሷን አገላብጣ አየችና፣

«አባዬ፣ ኪሱ የት ነው?» አለችኝ።

«የሴት ልብስ ኪስ ምን ያደርግለታል?»

«ታዲያ ብዮቼን የት ላድርጋቸው?»

ልጄ ብይ ትወዳለች። የሰፈሩን ወንዶች ልጆች ብይ ጠራርጋ በልታ ነው ማታ የምትገባው። በዚህ የተነሳ ጎረቤቶች «ወንዳወንድ» ይሏታል። እውነቱን ልናገርና እኔም በሆዴ አፍር ነበር።

የበዓሉ ዕለት ቀሚሱን ለበሰች። «እንዳይቆሽሽ!»፣ «እግርሽን ግጠሚ!»፣ «ደጅ እንዳትወጪ!» ስንላት ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ወንድሟ በጂንሱ ግቢውን ሲያምስ ዋለ። «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ የጠየቃት የለም። እንግዳው ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ወጥታታለች!» እያለ ነው የሄደው።

የቢራቢሮዋ ጣጣ

ከበዓሉ በኋላ አንድ ቅዳሜ እናቷ ሹሩባ ስትሠራት ትንሹ «እኔንም! እኔንም!» እያለ አስቸገረ። እናቱም የእህቱን የቢራቢሮ ፀጉር ማስያዣ አናቱ ላይ ሰካችለት። ደስታው ሌላ ነበር። እንደዚያው ሆኖ ተከትሎኝ ሱቅ ወጣ። ሱቁ በር ላይ ከቆሙት የሰፈር ሰዎች አንዱ ሳቅ ብሎ «ይቺ ደግሞ ሁለተኛዋ ሴት ልጅህ ናት?» አለኝ። ፊቴ ጋለ። ማስያዣውን ከነፀጉሩ መንጭቄ ወረወርኩና «አንተ ሴት ነህ እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት። ሲያለቅስ ደግሞ «ወንድ ልጅ አያለቅስም!» ብዬ ጨመርኩለት።

ሴት ልጄ ለካ በራችን ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ቤት ስንገባ ዓይን ዓይኔን እያየች፣

«አባዬ፣ ሴት መሆን ስድብ ነው እንዴ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም።

«አንቺ» ተብዬ ያደግሁት እኔ

ማታ ነገሩን ለእናቴ ነገርኳት። ከእኔ ጋር ትወግናለች ብዬ ነበር፤ ሳቀችብኝ። «እስቲ ግራ ጆሮህን ዳብሰው» አለችኝ። ትንሽ ጠባሳ አለችው። ከእኔ በፊት ሁለት ወንዶች ልጆች ሞተውባት ነበርና እኔ ስወለድ ቡዳ እንዳይበላኝ፣ ሞት እንዳያየኝ ብላ ጆሮዬን አስበስታ፣ የሴት ልጅ ልብስ አልብሳ፣ «አንቺ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ይህን ያደረገች እሷ ብቻ አይደለችም፤ ልጅ የማይበረክትላቸው እናቶች የሚያውቁት ዘዴ ነበር። «ታዲያ ሴት ሆንክ?» አለችኝና ወደ ቡናዋ ዞረች።

ዛሬም ወንድ ልጇን ስታቆላምጥ «ነይ እስቲ» የምትል እናት ሞልታለች። አፋችን የፈቀደውን ነው በልብስ የምንከለክለው።

የቀለሙም ነገር እንደዚያው ነው። ሮዝ ለሴት፣ ሰማያዊ ለወንድ የሚለው ከፈረንጅ የመጣ ነው። እነሱ ራሳቸው ግን ገና መቶ ዓመት ገደማ በፊት አልተስማሙበትም ነበር። በ1918 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ የሕፃናት አልባሳት ነጋዴዎች መጽሔት ሮዝ ጠንካራ ቀለም ስለሆነ ለወንድ፣ ሰማያዊ ለስላሳ ስለሆነ ለሴት ይሻላል ብሎ መክሯል። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ፍራንክሊን ሩዝቬልትም በ1884 እ.ኤ.አ. የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ሳሉ የተነሱት ፎቶ አለ፤ ፀጉራቸው ረጅም፣ ልብሳቸው ነጭ ቀሚስ። የዚያ ዘመን ወንዶች ሕፃናት አለባበስ እንዲያ ነበር።

ታዲያ ትናንት ሰው ያወጣውን ደንብ የተፈጥሮ ሕግ አስመስለን ልጅ የምናስለቅስበት ለምንድን ነው? እኔ ያን ዕለት የፈራሁት ለልጄ አልነበረም። የሱቁ በር ላይ ለቆሙት ሰዎች ነው የፈራሁት።

«ልጅና ወረቀት ያስያዙትን አይለቅም» ይባላል። ቀሚሱ ልጄን ያስያዛት ቁጭ ማለትን ነው። ጩኸቴ ልጄን ያስያዘው እህቱን መምሰል ውርደት መሆኑን ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታመጣ በቁምጣ ነበር የሮጠችው። ያኔ አገር እልል አለ እንጂ «እግርሽን ግጠሚ» ያላት አልሰማሁም።

ወላጆች ምን እናድርግ?

ከደረሰብኝ ተነስቼ ጥቂት ልምከር።

ልብስ ስትገዙ መጀመሪያ «ይሮጥበታል? ትዘልበታለች?» ብላችሁ ጠይቁ። የማያስሮጥ ልብስ ለፎቶ እንጂ ለልጅ አይሆንም።

ሁለት ሦስት ልብስ አቅርቡና ልጁ ራሱ ይምረጥ። ገንዘቡ የእናንተ ነው፤ ገላው ግን የእሱ ነው።

ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ፣ ለትምህርት ቤት የየራሱ ሥርዓት አለ። «እዚህ ቦታ እንዲህ ይለበሳል» ብላችሁ አስረዱ። የቦታው ደንብ ይሁን፤ የልጁ ጥፋት አታድርጉት።

ከሁሉም በላይ «ሴት ነህ?» የምትለዋን ቃል ከአፋችሁ አውጡ። አንዱን ልጅ ስትሰድቡ ሌላዋ እየሰማች ነው።

ዘንድሮ ለፋሲካ ቀሚሱን ለልብስ ሰፊ ሰጥቼ ጫፉን አስረዘምኩ፣ በግራና በቀኝም ኪስ አስወጣሁበት። ልጄ ማታ ስትገባ የቀሚሱ ጫፍ ጭቃ፣ ኪሷ ብይ ሞልቶ ነበር። ለትንሹም ይቅርታ ጠይቄ ቢራቢሮዋን መልሼለታለሁ። ጥቂት ሳምንት አደረጋትና ረሳት። ባይረሳትስ? ያው ልጄ ነው።

የልጄን ጥያቄም ዘግይቼ መለስኩላት። «ስድብ አይደለም፤ ስድብ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አልኳት። ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «እንግዲያው ለእሱም ሱቁ በር ላይ ንገረው» አለችኝ።

ነገርኩት። ሰዎቹም ቆመው ነበር።