ገብረ ማን? «ገብረ» ብሎ የሚጀምር የክርስትና ስም ትርጉምና አጠቃቀም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ ከሚሰጡት የክርስትና ስሞች ብዙዎቹ «ገብረ» ብለው ይጀምራሉ፤ ገብረ ሥላሴ፣ ገብረ መስቀል፣ ገብረ ማርያም፣ ገብረ ሚካኤል የመሳሰሉት። ስሙን ዘወትር ብንሰማውም ምሥጢሩን የምናስተውል ጥቂቶች ነን።

በግእዝ «ገብር» ማለት አገልጋይ፣ ባሪያ ማለት ነው። ከሌላ ስም ጋር ሲናበብ መጨረሻው «ር» ወደ «ረ» ተለውጦ «ገብረ» ይሆናል፤ «ቤት» የሚለው ቃል «ቤተ ክርስቲያን» በሚለው ውስጥ «ቤተ» እንደሚሆን ያለ ነው። ስለዚህ «ገብረ መስቀል» ማለት የመስቀል አገልጋይ ማለት ነው። «ገብረ» ብሎ ማቆም ግን አገልጋዩን ጠርቶ ጌታውን መተው ነው።

ይህ ስም ነገሥታት የከበሩበት ነው። በቅዱስ ያሬድ ዘመን የነገሠው ዐፄ ገብረ መስቀል ይባል ነበር፤ የቅዱስ ላሊበላም ስመ መንግሥቱ ገብረ መስቀል ነው። ሕዝብ የሚያገለግላቸው ነገሥታት «አገልጋይ» ተብለው መጠራታቸው ሥልጣናቸው ከማን እንደ ሆነ ያስታውሳቸው ነበር።

«ሰው የእግዚአብሔር አገልጋይ ሆኖ ሳለ ስለምን ገብረ ሚካኤል ይባላል?» ብለው የሚጠይቁ አሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ራሱን የኢየሱስ ክርስቶስ ባሪያ ብሎ ጠርቷል (ሮሜ 1፥1)፤ ስለ ኢየሱስም የምእመናን ባሪያ መሆኑን መስክሯል (2ኛ ቆሮ. 4፥5)። ሐዋርያው ስለ ጌታ ብሎ ለምእመናን ባሪያ ከተባለ፣ እኛም ስለ ጌታ ብለን የወዳጆቹ አገልጋዮች ብንባል ክብሩ ለራሱ ለጌታ ነው።

በአጠቃቀም ረገድ ሁለት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ በተለይ በውጭ አገር የምንኖር ምእመናን በሰነድ ላይ «ገብረ» የልጁ ስም፣ «መስቀል» የአባቱ ስም ሆኖ እንዳይመዘገብ ሁለቱን ቃላት አጋጥመን እናስጽፍ። ሁለተኛ፣ የክርስትና ስም በቤተሰብ ዘንድ ይታወቅ። ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ፍትሐት ሟቹን የምታስበው በዚህ ስም ነውና፣ በቀብር ዕለት ካህኑ «ስመ ክርስትናው ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ዘመድ ሁሉ እርስ በርሱ መተያየቱ ያሳዝናል። ወላጆች ስሙን ከነትርጉሙ ለልጆቻቸው ይንገሩ፤ ባልና ሚስትም አንዳቸው የሌላውን ይወቁ።

ስማችንን አውቀን፣ እንደ ስማችንም አገልጋዮች ሆነን እንድንገኝ የእግዚአብሔር ቸርነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።