ባቡሩ ዘገየ የሚባለው መቼ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ቀላል ባቡር የሚጠብቅ ሰው አንገቱን ወደ ሲኤምሲ አስግጎ፣ «ባቡሩም የሐበሻ ቀጠሮ ለመደ!» ሲል መስማት የተለመደ ነው። በስንት ሰዓት መምጣት ነበረበት ብትሉት ግን አያውቅም። ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ተረት፦ መዘግየት በየትም አገር መዘግየት ነው።
እውነታ፦ ልኩን የሚያወጣው መሥሪያ ቤቱ ነው። ጀርመን ውስጥ ከ6 ደቂቃ በታች የዘገየ ባቡር «በሰዓቱ ደረሰ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ ልኩ 3 ደቂቃ ነው። የሁለቱን መቶኛ ማወዳደር አንዱን በቁና፣ ሌላውን በኪሎ እንደ መስፈር ነው። ደግሞም በጀርመኖቹ ቆጠራ ጭራሽ የተሰረዘ ባቡር አይገባም። ያልመጣ ባቡር አልዘገየም ማለት ነው!

ተረት፦ 90 ከመቶው በሰዓቱ ደረሰ ከተባለ፣ ከ100 ተሳፋሪ 90ው ተመችቶታል።
እውነታ፦ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ባቡር እንጂ ሰው አይደለም። ጠዋት ጢም ብሎ የሞላውም፣ ከሰዓት ባዶውን የሚሄደውም እኩል አንድ ነው። ስዊሶቹ ግን ተሳፋሪውን ይቆጥራሉ።

ተረት፦ ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ የከተማ ባቡር አይዘገይም፣ አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ይመጣል።
እውነታ፦ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን፣ ከአያት በመገናኛ በኩል ጦር ኃይሎች የሚደርሰውን የ17.4 ኪሎ ሜትር መስመር ለምሳሌ እንውሰድ። የሚከተሉት ቁጥሮች ግን ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። በሰዓት 6 ባቡር በየ10 ደቂቃው ቢያልፍ፣ ሰዓት ሳያይ ጉርድ ሾላ የደረሰ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። አሁን ያው 6 ባቡር አንዴ በ2፣ አንዴ በ18 ደቂቃ ልዩነት ይለፍ። ሪፖርቱ አሁንም «በአማካይ በየ10 ደቂቃው» ይላል። በየደቂቃው አንድ ሰው ቢመጣ ግን ከ20ው 18ቱ በረጅሙ ክፍተት ውስጥ ይወድቃሉ፤ እነሱም በአማካይ 9 ደቂቃ ይቆማሉ። የሁሉም አማካይ 8.2 ደቂቃ ይሆናል። አንድም ባቡር አልቀረም፤ ሰው ግን ተጉላልቷል።

ክፍተቱ ደግሞ ራሱን ያሰፋል። ዘግይቶ የሚመጣውን ባቡር ብዙ ሰው ይጠብቀዋል፤ መውረድና መሳፈሩ ጊዜ ይበላል፣ በሩ አልዘጋ ይላል፣ ባቡሩ ይበልጥ ይዘገያል። ከኋላው ያለው ባዶ ፌርማታ እያገኘ ይደርስበታል።

ይህን ሁሉ በሐበሻ ቀጠሮ ማሳበብ ለሹፌሩ ግፍ ነው። ቀላል ባቡሩ በ41 ባቡሮች ነበር የጀመረው፤ በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ መቆማቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ባቡር ሲያንስ ክፍተት ይሰፋል፣ አንዱ መንገድ ላይ ቢበላሽ የሚተካው የለም። ከኮተቤ በታክሲ ወርዶ መገናኛ የሚሳፈረው ሰው ደግሞ መጠበቅ የጀመረው ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው፤ ያንን የባቡር ሪፖርት አይቆጥረውም።

እንግዲህ «በአማካይ በየ10 ደቂቃው» የሚል ሪፖርት ስትሰሙ፣ ትልቁ ክፍተት ስንት ደቂቃ ነበር ብላችሁ ጠይቁ።