ከሽቦው ሥር ያለው ጨለማ

«የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ኤሌክትሪክ ምን አገባው?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ነገር ግን መብራት በማን ቤት ይግባ የሚለው ጥያቄ የመሐንዲስ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጐንደርና በገንዳ ውኃ አልፎ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የተዘረጋው መስመር ባለ 230 ኪሎ ቮልት ነው። በሰሜን ጐንደር ደጋ ግን ዛሬም በኩራዝ ወይም በባትሪ የሚያመሽ ቤት ብዙ ነው። ይህ ስለ ምን ሆነ? በዚያ መስመር የሚያልፈው ኃይል እንዳለ ቤት አይገባም። አስቀድሞ በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 33 ወይም ወደ 15 ኪሎ ቮልት፥ ኋላም በትራንስፎርመር ወደ 220 ቮልት መውረድ አለበት። ቤቱ በየገደሉ አፋፍ ለተበተነበት ለጃናሞራና ለደባርቅ አገር ደግሞ ምሰሶውና ሽቦው ብዙ ገንዘብ ይበላል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም ይህን ተረድቶ፥ እስከ 2025 ሕዝቡ ሁሉ መብራት እንዲያገኝ፥ ይኸውም ከመቶ 65ቱ በዋናው መስመር፥ 35ቱ ደግሞ በፀሐይና በመሳሰለው እንዲሆን አቀደ። ዘመኑ አለፈ፤ ግቡ ግን አልተመታም። በዚያው በ2025፥ በእኛ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፥ 5150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ተመረቀ። እንግዲህ ማመንጨትና ማዳረስ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

ፀሐይና ነፋስ ሲጨመሩም ሒሳቡ ይለወጣል። ፀሐይ ማታ የለችም፤ ነፋስም ሰው በፈለገው ሰዓት አይነፍስም። ግድብ ግን እንደ ጎተራ ነው። ቀን ፀሐይ፥ በበጋም ነፋስ ሲያግዙ፥ ተከዜና ጣና በለስ ውኃቸውን ለምሽት ሊያቆዩ ይችላሉ።

ለመንደሩስ? ትንሽ የፀሐይ መብራት ልጅ ያስጠናል፤ የእንጀራ ምጣድ ግን 3 ኪሎ ዋት ያህል ይፈልጋል፤ ወፍጮማ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ዕቅድ አውጪው «ስንት ቤት መብራት ገባ?» ብሎ ብቻ ሳያበቃ «የገባው መብራት ምን ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። አምፑል አግኝታ፥ እህሏን ተሸክማ ወፍጮ ፍለጋ ቁልቁለት የምትወርድ እናት በመዝገብ ከጨለማ ወጥታለች፤ በኑሮዋ ግን ገና ናት።

ከመካከላችን ነገ መምህርም ሹምም የሚሆን አለና፥ ይህን ጥያቄ ከአሁኑ እንልመደው።