የጓዳና የግቢ ትምህርት፦ ቤት ውስጥ ለሚማሩ ሕፃናት የሚሆኑ የሕይወት ክህሎቶች

ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያለ ልጅ ቤት ውስጥ ሲማር ፊደልና ቁጥር ከቀኑ የሚወስዱት ጊዜ ጥቂት ነው። በዚህ ዕድሜ አብዛኞቹ ልጆች አንድ ቦታ ተቀምጠው ብዙ ደቂቃ አይቆዩም፤ ስለዚህ ቀሪው ሰዓት በምን ይለፍ የሚለው ጥያቄ ከፊደል ገበታው ያላነሰ ክብደት አለው። የሕይወት ክህሎት የሚባለው ዘርፍ የሚመልሰው ይህን ጥያቄ ነው። ልብስ መልበስ፣ ውሃ ሳያፈሱ መቅዳት፣ እህል መልቀም፣ እንግዳ መቀበል፣ ተራ መጠበቅ፣ ገንዘብ መለየት፣ ዘር መዝራት፣ በአደጋ ጊዜ እርዳታ መጥራት ሁሉም ከዚሁ ይመደባሉ።

ሐሳቡ በተቋም መልክ የተደራጀው በአውሮፓ ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ የትንንሽ ልጆች ማስተማሪያ ከፈተ፤ በ1840 «ኪንደርጋርተን» ብሎ ሰየመው። ልጆቹ በክር ኳስና በእንጨት ኩብ ይጫወቱ፣ የየራሳቸውን መደብም ይንከባከቡ ነበር። የቤት ሥራን ራሱን ትምህርት ያደረገችው ግን ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ ናት። እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም የድሆች ሰፈር በሳን ሎሬንሶ በከፈተችው የልጆች ቤት ውስጥ ወንበሩና ጠረጴዛው በልጅ ቁመት ተሠራ፤ ሳህኑና ብርጭቆው ሊሰበር የሚችል እውነተኛ ዕቃ ሆነ። ልጆቹ ይጠርጉ፣ ጠረጴዛ ያጥቡ፣ ምግብ ያቀርቡ ነበር። ሞንቴሶሪ እንደጻፈችው፣ አንድ ቀን አፍንጫ በመሐረብ እንዴት እንደሚናፈጥ ስታሳያቸው ልጆቹ ሲጨርሱ አጨበጨቡላት። በአፍንጫቸው ዘወትር ሲሰደቡ የኖሩ ልጆች፣ ሳያፍሩ ንጹሕ መሆን የሚችሉበትን መንገድ ያሳያቸው ሰው ሲያገኙ ደስ አላቸው። በዘርፉ ከተጻፈው ሁሉ የልጁን ፍላጎት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል።

ከትምህርት ቤት ውጭ ያለውን መንገድ ደግሞ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ባርባራ ሮጎፍ በጓቲማላ በማያ ማኅበረሰብ ውስጥ አጥንታለች። እዚያ ልጆች ከአዋቂው ሥራ አይገለሉም፤ አጠገቡ ሆነው ያያሉ፣ የሚችሉትን ያህል ይገቡበታል፣ እያደር ይለምዱታል። በኢትዮጵያ ጓዳና ማሳም ልጅ የሚማረው በአመዛኙ በዚሁ መንገድ ነው። እናቱ ስትለቅም እፍኝ ምስር ተሰጥቶት አብሮ ይለቅማል፣ ታላቁ ሲላክ ተከትሎ ይሄዳል። እዚህ ላይ ግን ጥብቅ ድንበር መሰመር አለበት። ለልጁ የተመጠነና ሲሰለቸው የሚተወው ሥራ ትምህርት ነው፤ ቤተሰቡ የሚተማመንበት፣ ካልተሠራ የሚያስቀጣ ሥራ ግን የልጅ ጉልበት ብዝበዛ ነው። የቤት ትምህርት የሚፈልገው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ ማስተማር ራሱ በየአገሩ የተለያየ ሕግ አለው። በአሜሪካ በ50ውም ግዛቶች ይፈቀዳል። በጀርመን ልጅን ትምህርት ቤት መላክ ግዴታ ነው፤ ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለልዩ ምክንያት ካልሆነ አትፈቅድም፤ ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ቅድሚያ ፈቃድ ትጠይቃለች። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ ወላጆች ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሊሠሩበት ይችላሉ። በኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ብዙ ቤተሰብ ሳያስበው የልጁ አስተማሪ ሆኖ ነበር።

ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ ብዙ የሚያስተምረው ማድ ቤቱ ነው። ምስር ወይም ሽምብራ መልቀም ለአምስት ዓመት ልጅ ተስማሚ ሥራ ነው፤ ጠጠሩን ከፍሬው ሲለይ ዓይኑ ልዩነትን መመልከት ይለምዳል፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መቆንጠጡም እርሳስ ለመያዝ የሚያስፈልገውን ጉልበት ያዳብራል። በሙቅ ውሃ ተነክሮ የቀዘቀዘ ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ ጎመን በእጅ መቀንጠስ፣ የተቀቀለ እንቁላል መላጥ፣ ዱቄት በስኒ መስፈርም እንዲሁ ናቸው። ሁለት ስኒ ዱቄት በአንድ ስኒ ውሃ ሲባል ልጁ እጥፍና ግማሽን በእጁ ይነካቸዋል። ሊጥ ማቡካት ከሁሉ ይወደዳል፤ ከሊጡ ቆንጥሮ የራሱን ትንሽ ዳቦ የሚጋግር ልጅ እስኪበስል መጠበቅን ያለ ስብከት ይማራል።

የእንጀራ ቡኮ ደግሞ የሳይንስ ትምህርት ነው። ጤፉ በእርሾ ከተቦካ በኋላ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቆይ በየጠዋቱ ክዳኑን ከፍቶ ማየት፣ አረፋውን መቁጠር፣ ሽታው እንዴት እንደተለወጠ መናገር፣ ላዩ ላይ የጠለለውን ውሃ መመልከት ይቻላል። የአረፋው ምክንያት በእርሾው ውስጥ ያሉ ዓይን የማያያቸው ሕያዋን መሆናቸው ሲነገረው፣ ልጁ በማግስቱ የሚጠይቀው ጥያቄ ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል። ምጣዱ ግን የአዋቂ ነው፤ ልጁ ርቆ ቆሞ የወጣውን እንጀራ ዓይን ይመለከታል። በርበሬና የፈላ ዘይትም እንደዚሁ ከእጁ ይርቃሉ። ቢላ ሲፈቀድ ጫፉ የደነዘ ሆኖ እንደ ሙዝ ባለ ለስላሳ ነገር ይጀመራል።

የራስን ሰውነት መንከባከብ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ትልልቅ ቁልፍ፣ ቀጥሎ ዚፕ፣ መጨረሻ የጫማ ክር። ክር ማሰር ለብዙዎች ከአምስት ዓመት በኋላ ነው የሚሳካው፤ ሁለቱ ጫፎች የተለያየ ቀለም ካላቸው ልጁ የትኛው በየት እንደዞረ ይለያል።

ማኅበራዊ ክህሎት በአበሻ ቤት ውስጥ የተዘጋጀ መድረክ አለው፤ እሱም ቡና ነው። ልጁ ጎረቤት ሄዶ «ቡና ጠጡ ተብላችኋል» ብሎ ይጠራል፤ ሲመለስ ቄጠማ ይጎዘጉዛል፣ ፈንዲሻ ያዞራል፣ ስኒ ይቆጥራል። ከምግብ በፊት ለእንግዳ እጅ ማስታጠብ፣ ታላቅ ሲመጣ መነሣት፣ በሁለት እጅ መቀበል፣ ለአረጋዊ «እርስዎ» ማለት በሥራው መካከል ይለመዳሉ። እነዚህን ልማዶች በትእዛዝ ብቻ ለማስተማር የሚሞክር ቤት ብዙ ይደክማል። ከአገር ውጭ ለሚያድግ ልጅ የዚህ ሥርዓት ጥቅም እጥፍ ነው፤ አማርኛው የሚፈታው በሥራ መካከል ሲናገር ነው። በስልክ ለአያቱ ዛሬ ምን እንደጋገረ የሚተርክ ልጅ ሐሳብ ማቀናጀትን ጭምር ይለማመዳል።

ጨዋታ የራሱ ሥርዓተ ትምህርት አለው ማለት ይቻላል። በቅልልቦሽ ልጁ አንዱን ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ ሌሎቹን መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት እያለ ያነሣል፤ መደመርና መከፋፈል ያለ እርሳስ ይሠራል፣ ዓይንና እጅም ይተባበራሉ። ገበጣ ከዚህ ይከብዳል፤ ለጀማሪ የጉድጓዱንና የጠጠሩን ቁጥር ቀንሶ፣ ጠጠሮቹን በየጉድጓዱ አንድ አንድ ማደልን ብቻ ማስለመድ ይበቃል። ሰኞ ማክሰኞ የሳምንቱን ቀናት በእግር ያስቆጥራል፣ በአንድ እግር መቆምንም ያጸናል። እቃቃ ግን ከሁሉ ልዩ ቦታ ይገባዋል። በክዳንና በቆርቆሮ ወጥ የሚሠሩ፣ አንዱ እናት አንዱ ሐኪም የሚሆኑ ልጆች ያዩትን ዓለም መልሰው ይገነባሉ፤ ማን ምን ይሁን ብለው ሲከራከሩም መደራደርን ይማራሉ። አዋቂው እዚህ ካልተጠራ መግባት የለበትም። ማታ ማታ እንቆቅልሽና ተረት የማዳመጥና የመገመት ችሎታን ያሳድጋሉ።

የሰውነት እንቅስቃሴም ችላ አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሦስትና አራት ዓመት የሞላቸው ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ተቀምጦ ስክሪን ማየት ደግሞ ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። ገመድ መዝለል፣ ድብብቆሽ፣ ኳስና የእስክስታ ትከሻ ይህን ሰዓት ሳይታወቅ ይሞሉታል። በተፈቀደው የስክሪን ሰዓት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየውን የቀጭኔዋን አሻንጉሊት ዝግጅት «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን የመሰለ ለዕድሜው የተሠራ ነገር መምረጥ ይቻላል።

ጊዜን መለየት ለአበሻ ልጅ ሁለት እጥፍ ሥራ ነው። በአገር ቤት ቀኑ ከንጋት ስለሚቆጠር ሌላው ዓለም ሰባት ሰዓት የሚለው ጠዋት አንድ ሰዓት ይባላል፤ ዓመቱም 13 ወር አለው፣ ጳጉሜን አምስት ቀን ሆኖ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ይሆናል። ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ በአንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ቀን መቁጠሪያ ሰቅሎ በየጠዋቱ አንድ አንድ ቀን ቢሰርዝ ልዩነቱን ያለ ችግር ይይዘዋል። ለእንቁጣጣሽ አበባና ፀሐይ ስሎ ለጎረቤት መስጠት፣ ለቡሄ ጅራፍ ሲገመድ ማየት ወራቱን ከእጅ ሥራ ጋር ያያይዛቸዋል።

ገንዘብን ለማስተማር የሚያዋጣው እውነተኛ ሳንቲም ነው። አምስት፣ አሥር፣ ሃያ አምስትና ሃምሳ ሳንቲም፣ እንዲሁም አንድ ብር በመጠንና በቀለም ይለያሉ፤ ልጁ ደርድሮ አራት ሃያ አምስት አንድ ብር መሆኑን ያገኘዋል። ከዚያ ከአዋቂ ጋር ሱቅ ሄዶ ራሱ ከፍሎ መልስ ይቀበላል። ዘር ለመዝራትም ግቢ አያስፈልግም። በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ጤና አዳም፣ ጎመን ወይም ነጭ ሽንኩርት ይበቅላል፤ በብርጭቆ ጥግ በእርጥብ ጥጥ የተቀመጠ ባቄላ በሳምንት ገደማ ሥር ሲያወጣ ይታያል።

ስለ ደኅንነት ልጁ ሦስት ነገር በቃሉ ይያዝ፦ ሙሉ ስሙን፣ የወላጁን ስልክ ቁጥርና የአደጋ ጊዜ ቁጥርን። በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በእስራኤል ለፖሊስ 100፣ ለአምቡላንስ 101 ነው፤ በኢትዮጵያ ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወላል። ልምምዱ በተዘጋ ስልክ ወይም በወረቀት ስልክ ይደረጋል፤ «የት ነህ? ምን ሆነ?» እየተባለ ይጠየቃል።

በብዙ ቤቶች ትልቁ እንቅፋት የአዋቂው ችኮላ ነው። ልጁ አሥር ደቂቃ የሚፈጅበትን ቁልፍ በአሥር ሰከንድ የሚዘጋለት ወላጅ ትምህርቱን ይወስድበታል። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት አንድ ክህሎት መምረጥ፣ በዝግታ ያለ ብዙ ንግግር ማሳየት፣ የፈሰሰውን የሚጠርግበትን ጨርቅ አስቀድሞ ከልጁ እጅ ማድረስ ያስፈልጋል።

ሕግ ሪፖርት በሚጠይቅበት ቦታ እነዚህ ሥራዎች መዝገብ ላይ ይገባሉ። ከአሜሪካ ግዛቶች ቴክሳስ ሪፖርት አትጠይቅም፤ ኒው ዮርክ ልጁ ለግዴታ ትምህርት ዕድሜ ሲደርስ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ትቀበላለች፤ ፔንሲልቬንያ ደግሞ ወላጁ የሥራ ማኅደር እንዲይዝ ትጠይቃለች። የዱቄቱ ስፍር በሒሳብ፣ የባቄላው ሥር በሳይንስ፣ ለአያት የተደወለው ስልክ በቋንቋ፣ ገመድ ዝላዩ በአካል ማጎልመሻ ሥር ከቀኑና ከፎቶግራፍ ጋር ይመዘገባሉ።